ክርክሩን ከመጥራትህ በፊት ለቅሶውን ድረስ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል። ድሬዳዋ የምማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የመጣሁት ከወላይታ ሶዶ ነው። ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነን። አንዱ የዓዲግራት፣ አንዱ የቆቦ ልጅ ነው። ሁለቱ ከፍሬሽማን ጀምሮ አብረው ካፌ እየገቡ፣ በፈተና ሰሞን አንዱ ሌላውን ከእንቅልፉ እየቀሰቀሰ እዚህ ደርሰዋል። ባለፈው ወር ላውንጅ ተቀምጠን ቴሌቪዥኑ ስለ ሰሜኑ ጦርነት ማውራት ጀመረ። አንዱ አንድ ቃል ጣል አደረገ፣ ሌላው መለሰ፣ ወዲያው ‹የእናንተ ሰዎች› መባባል መጣ። ሰው ገላገላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ አይነጋገሩም። የክላሳችን የቴሌግራም ግሩፕም ለሁለት ተከፍሏል። እኔ የሰላም ክበቡ ጸሐፊ ነኝ። ክበቡ በትልቁ አዳራሽ ስለ ጦርነቱ ግልጽ ውይይት ሊያዘጋጅ ወስኖ መድረኩን እንድመራ መረጠኝ። አንድ መምህሬ ‹ይሄ እሳት ነው፣ ዲግሪህን ይዘህ ውጣ› አለኝ። የድሬ ልጆች ደግሞ ‹አቦ ተዋቸው፣ ይረሱታል› ይላሉ። ላድርገው ወይስ ልተወው? ባደርገውስ እንዴት?»

ልጄ፣ መልሴን አስቀድሜ ልንገርህና ምክንያቱን ቀስ ብለን እናየዋለን። ውይይቱን አትተው። አዳራሹን ግን ተወው።

መምህርህን አትቀየመው። በ2012 መጀመሪያ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎች ተገድለው ሁከቱ ወደ ሌሎች ግቢዎች ሲዛመት ስንት ተማሪ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ እንደተመለሰ፣ ስንት እናት ስልክ እየደወለች እንዳደረች በዚያ ጊዜ ያስተማረ ሰው አይረሳውም። ያኔ ደግሞ ጦርነቱ ገና አልጀመረም ነበር። ስለዚህ ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም። እኔ የማልስማማው ዝምታ ያድናል በሚለው ላይ ነው። ሁለቱ ልጆች እርስ በርስ አይነጋገሩም እንጂ ዝም አላሉም። አንዱ ከአገሩ ልጆች ጋር ሆኖ ስለ ሌላው ያወራል፤ ሌላውም እንደዚያው። ሌሊት ደግሞ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍነው ስልካቸው የሚያቀርብላቸውን ያያሉ፤ ቲክቶክና ፌስቡክ አንድ ጊዜ በንዴት ያየኸውን መቶ ጊዜ እየመለሱ ያመጡልሃል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ማለፍ ለትንሽ ቅያሜ ይሆናል። ወንድም ለሞተበት ሰው አይሆንም።

አዳራሹን ለምን እንደምጠላው ልንገርህ። ሦስት መቶ ሰው በተሰበሰበበት፣ ማይክ እየተቀባበሉ በሚናገሩበት ቦታ፣ ሰው ፊት ለፊቱ ለተቀመጠው አይናገርም፤ ከኋላው ለሚያጨበጭብለት ነው የሚናገረው። የዓዲግራቱ ልጅ እዚያ ተነስቶ «አጎቴ የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ አናውቅም» ማለት አይችልም። የቆቦውም «እናቴ ከዚያን ጊዜ ወዲህ በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች» ማለት አይችልም። ሊሉ የሚችሉት ከየወገናቸው የሰሙትን መፈክር ብቻ ነው። ከዚያ አንዱ ተማሪ በስልኩ የቀረጸው የአሥራ አምስት ሴኮንድ ቪዲዮ ከአዳራሹ ሳትወጡ መቀሌና ወልድያ ይደርሳል። ልጁ የተናገረው ሌላ፣ ወላጆቹ ሰፈር የሚሰማው ሌላ ይሆናል። ይህን አደጋ በማንም ልጅ ራስ ላይ ልታመጣ መብት የለህም፤ ክበቡም የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህ ጦርነት የተጀመረው ጥቅምት 24 ቀን 2013 ነው። ግጭቱን በዘላቂነት የሚያቆመው ስምምነት ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ትግራይ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም፤ ልጅ እናቱ ትኑር ትሙት አያውቅም ነበር። የትግራይ ተዋጊዎች መርዶ ለየቤተሰቡ በይፋ ተነግሮ የሦስት ቀን ሐዘን የታወጀው ደግሞ ጥቅምት 2016 ላይ ነው። ሞቱ በ2013 ወይም በ2014 ሆኖ ለቅሶው በ2016 የተቀመጠበት ቤት ብዙ ነው። በሌላው ወገን ቆቦን አስብ። ከተማዋ ከ2013 እስከ 2015 መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ እጅ ለውጣለች፤ ጦር ወጣ ሲሉ ሌላ ጦር ገባ። አፋር ውስጥ የእነ ጭፍራ ወረዳ ሰዎች ተፈናቅለው ተመልሰዋል። ሠራዊቱ ውስጥ ደግሞ ከየክልሉ የተውጣጣ ልጅ ነበር፤ ከአንተም ሰፈር ሄዶ ያልተመለሰ ሊኖር ይችላል።

ታዲያ በእኛ ወግ ተማሪ መርዶ እንዴት ነው የሚሰማው? ፈተና ላይ ከሆነ ይደበቅለታል። «አባትህ ትንሽ አሞታል» ይባላል። ሲጨርስ ይነገረዋል፤ ወይም ቤተሰቡ ሳያስበው ከአንድ የአገሩ ልጅ አፍ በድንገት ይሰማዋል። ዶርም ውስጥ ድንኳን አይተከልም። ንፍሮ የሚያመጣ ጎረቤት የለም፣ ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግቶ አብሮት የሚያድር የለም። በማግስቱ ክላስ አለ። እነዚህ ሁለት ልጆች ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ክፍል ሲተኙ አንዱ ለሌላው ለቅሶ ደርሶ ያውቃል? ብጠይቅህ «አላውቅም፣ አልጠየቅኩም» የምትለኝ ይመስለኛል። እንግዲያው ስለ ጦርነቱ ማን ጀመረው፣ ማን አሸነፈ ብላችሁ ከመከራከራችሁ በፊት ያልተደረሰ ለቅሶ አለባችሁ። መጀመሪያ እሱን ድረሱ።

እንዴት? ለየብቻ። አንዱን ቀን ከአንዱ ጋር ከግቢ ውጡ፤ ፀሐዩ በረድ ሲል በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ እየሄዳችሁ ማውራት ፊት ለፊት ተፋጥጦ ከማውራት ይቀላል። «በዚያ ጊዜ ቤተሰቦችህ የት ነበሩ?» በለው። ከዚያ አትቸኩል። «አይዞህ፣ ሁሉም አልፏል» አትበለው፤ ለእሱ አላለፈም። ስለ ጦርነቱ የራስህን ሐሳብም አትንገረው፤ ያን ቀን የሄድከው ለዚያ አይደለም። የሞተበት ሰው ካለ ስሙን ጠይቀው። ሃይማኖቱ የሚለውን የሐዘን ቃል በለው፤ «ነፍስ ይማር» ወይም «አላህ ይርሐመው»። ከቻልክ ከዶርሙ ልጆች አንድ ሁለቱን ይዘህ አንድ ማታ ሻይና ዳቦ ገዝታችሁ አብራችሁት ተቀመጡ። በሌላው ቀን ለሌላው ልጅ እንደዚሁ አድርግ። የአንዱን ወሬ ለሌላው አታድርስ። «ይህን ብነግረው ደስ ይልሃል?» ብለህ ጠይቀህ ፈቃድ ካገኘህ ብቻ አንድ ነገር ይዘህ ትሄዳለህ።

ይህ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ይውሰድ።

ከዚያ በኋላ ስለ ውይይቱ አስብ። አሥር ወይም አሥራ ሁለት ሰው፣ ወንበር ከቦ፣ መድረክ የለ፣ ማይክ የለ። ሁለት ወገን ብቻ እንዳይሆን የአፋር ልጅ፣ አባቱ ወታደር የነበረ ልጅ፣ ከሌላ ክልል የመጣ ልጅ ይግባ። ሁለት ለሁለት ሲሆኑ ይሟገታሉ፤ ብዙ ዓይነት ሰው ሲኖር ይደማመጣሉ። ስልኮች በሙሉ በር ላይ በአንድ ካርቶን ውስጥ ይቀመጡ፤ የአንተም ጭምር። በማስታወቂያው ላይ ጦርነቱን አንዱ ወገን በሚጠራው ስም አትጥራው፤ «ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 የነበረው ጦርነት» ብትል ማንም በር ላይ አይመለስም።

የውይይቱን ደንብ ደግሞ ከጎረቤቶቻችን ከአፋሮች ውሰድ። ዳጉ የሚሉት ወግ አላቸው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። የሚናገረው በዓይኑ ያየውንና ከሌላ የሰማውን ለይቶ ይናገራል፤ የሰማው ከሆነ ከማን እንደሰማው ይጠየቃል። ያልሆነ ወሬ ያቀበለ ሰው ታማኝነቱን ያጣል፤ በበረሃ ውስጥ የውሃና የግጦሽ ወሬ የሞት ሽረት ጉዳይ ነውና። ከአፋር ልጆች አንዱን ጠይቀው፤ ከእኔ አብልጦ ያስረዳሃል፤ እንዲያውም ውይይቱን እሱ ይክፈተው።

ይህ ደንብ ስለ ጦርነቱ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ተመልከት። አንዱ ልጅ «እነሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ፈጁ» ይላል። አንተ ቁጣም ነቀፋም ሳይኖርብህ «ያየኸው ነው የሰማኸው?» ትላለህ። «የሰማሁት።» «ከማን?» «ከአክስቴ።» «አክስትህ እዚያ ነበረች?» «ነበረች።» ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ብሎ ይሰማዋል። ሌላው ደግሞ «ከማን?» ሲባል «ከዩቲዩብ» ይላል። እሱን ማንም አያሸማቅቀው፤ ግን ክብደቱ ሌላ መሆኑን ራሱም ያውቀዋል። ሦስተኛም አለ፤ አይቶትም ሰምቶትም አይደለም፣ ያመነው ነው። «ጦርነቱን የጀመረው እገሌ ነው» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው የሚገባው። ማመን መብቱ ነው። ለይቶ «እኔ የማምነው» ብሎ ይናገር ብቻ። ይህን ጥያቄ ለሁሉም እኩል ጠይቅ። ለአንዱ ወገን ብቻ ከጠየቅክ ዳኛ ሳይሆን ከሳሽ ትሆናለህ።

ሁለተኛውና ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ደንብ ይህ ነው፦ ለሞት በሞት አይመለስም። አንዱ በጦርነቱ አክሱም ውስጥ ስለተገደሉት ሰዎች ሲናገር ቀጥሎ የሚናገረው «ማይካድራስ?» አይበል። አንዱ ማይካድራ ውስጥ ስለተገደሉት ሲናገር ቀጥሎ የሚናገረው «አክሱምስ?» አይበል። ሁለቱም ሊነገሩ ይገባቸዋል፤ እያንዳንዱ ግን በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ሐዘን። ለቅሶ ቤት ስንሄድ በሰው ሬሳ የራሱን ሙት አስታውሶ ያላለቀሰ ማን አለ? ያ ግን ለሐዘንተኛው መልስ መስጠት አይደለም፤ አብሮ ማልቀስ ነው። «የኔም ሞተዋል» የሚለው አንዱ ዓረፍተ ነገር አፍ ሊያዘጋም ሊያቀራርብም ይችላል፤ ልዩነቱ መቼና በምን ድምፅ ተባለ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ስለ ሞት ከተናገረ በኋላ አንድ ደቂቃ ዝም በሉ። ቀጥሎ የሚናገረውም መጀመሪያ ስለ ሰማው ነገር አንድ ቃል ይበል።

ሁሉን አጥፊ አድርጎ አቻችሎ ማለፍ አይደለም የምልህ። እውነቱ አለ፣ ተጽፏልም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት በጥምረት ያደረጉት ምርመራ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ይፋ ሲሆን የጦርነቱ ተሳታፊዎች በሙሉ በተለያየ ደረጃ ጥሰት መፈጸማቸውን ገልጿል። የትግራይ ወገን ምርመራው ገለልተኛ አይደለም ብሎ ተቃውሞታል፤ የሸፈነውም እስከ ሰኔ 2013 ያለውን ብቻ ስለሆነ ከዚያ በኋላ በአማራና በአፋር የሆነውን አታገኝበትም፤ ለዚያ ኮሚሽኑ በ2014 ያወጣው ሌላ ዘገባ አለ። ሁለቱንም አንብበህ ግባ። ካላነበብክ አንድ ጎበዝ ተናጋሪ ውይይቱን ይዞብህ ይሄዳል። የሟቾች ቁጥር ላይ ግን ክርክር አትክፈት። የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ የነበሩት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ 600 ሺህ ገደማ ብለው ተናግረዋል፣ ሌሎች ከዚያ ያነሰ ይላሉ። በእናንተ ክፍል ውስጥ ያ ቁጥር ምንም አይፈታም።

የተደፈሩ ሴቶች ጉዳይ አለ። ማንንም ልጅ «ከዚያ አካባቢ ነሽና ንገሪን» ብላችሁ እንዳትጠይቁ። ራሷ ልትናገር ከፈለገች እንኳ አስቀድሞ ከሴት መምህርት ወይም ከግቢው የምክር አገልግሎት ጋር ትነጋገር። ከውይይቱ በኋላ እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የተወ ልጅ ካየህ ዶርም ውስጥ ብቻውን አትተወው፤ ወደ ግቢው ክሊኒክ ውሰደው፣ ካስፈለገ ድል ጮራ ሆስፒታል ድረስ።

አንድ ነገር አጥብቄ እከለክልሃለሁ። በመጨረሻ ሁለቱን ልጆች አስተቃቅፋችሁ ፎቶ አታንሱ። ክበቦች ይህን ይወዳሉ፣ ሪፖርት ላይ ያምራልና። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ይቅርታን በስብሰባ ማዘዝ አይቻልም። የፕሪቶሪያው ስምምነት የሽግግር ፍትሕ እንዲኖር ይላል፤ ፖሊሲውም ሚያዝያ 2016 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። የተበደለ ሰው ፍትሕ እየጠበቀ ነው። በጨዋነት መነጋገር ማለት ክሱን ተወው ማለት አይደለም። «ወንድሜን የገደለው ይጠየቅልኝ» እያለም ሰው ከዶርም ጓደኛው ጋር ካፌ ሊገባ ይችላል፤ ጓደኛው አልገደለበትምና። «የእናንተ ሰዎች» የሚለው ቃል ያበላሸው ይህንን ነው። በውይይቱ ውስጥም ያን ቃል የተናገረ ሁሉ ቆም ብሎ «የትኞቹ ሰዎች? በምን ሥልጣን? የት?» ተብሎ ይጠየቅ።

አማራ ክልልና ኦሮሚያ ውስጥ ስላለው ግጭት ልጆቹ ማንሳታቸው አይቀርም። የሰሜኑ ጦርነት በፊርማ ቆሟል፤ እነዚያ ግን ቤተሰባቸው ዛሬ ማታ የተኩስ ድምፅ የሚሰማ ተማሪዎች አሉባቸው። የሚናገሩት ነገር ዛሬ አገር ቤት ባለ ሰው ላይ መዘዝ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ቀን አንዱን ጦርነት ብቻ ያዙ። ይህን ስትል «የኛን ደበቃችሁ» የሚል ይመጣል፤ ምክንያቱን በግልጽ ንገረው፤ ለብቻው ቁጭ ብለህ ስማው።

የድሬ ልጅ ስላልሆንክ የማታውቀው አንድ የድሬ ታሪክ አለ። ነሐሴ 1969 የሶማሊያ ጦር ይህችን ከተማ ሊይዝ አጥቅቶ ሳይሳካለት ተመልሷል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጅጅጋ ወደቀች፤ ሐረርም ለወራት ተጨንቃ ከረመች። ድሬ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው በአንድ ግቢ የሚኖርባት ከተማ ናት። ያ ጦርነት ለአንዱ ጎረቤት ወረራ፣ ለሌላው የዘመድ ነገር ነበር። ያን ጊዜ ወጣት የነበሩ ሰዎች ዛሬ መጋላና ከዚራ ውስጥ በር ላይ ተቀምጠው ታገኛቸዋለህ። «አቦ ተዋቸው፣ ይረሱታል» የሚሉህ ልጆች አያቶቻቸውን ቢጠይቁ እንዳልተረሳ ይነግሯቸዋል። ከውይይቱ በፊት ከሁለቱ ልጆች ጋር ሄዳችሁ ከተለያየ ወገን የሆኑ ሁለት ሽማግሌዎችን ጠይቁ፦ «ያኔ እንዴት ነው ከጎረቤታችሁ ጋር ሰላም መባባል የጀመራችሁት? ማን ነው መጀመሪያ በር ያንኳኳው?» ስለ ሌላ ሰው ጦርነት አብረው ሲሰሙ ሁለቱ ሳያስቡት አንድ ወገን ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ከማንም ምሁር ንግግር ይህን እመርጣለሁ።

ስለ ሰዓቱና ስለ ቀኑ ባጭሩ። ከምሳ በኋላ አይሁን። ያ የበርጫ፣ ጫት የሚቃምበት ሰዓት ነው፤ በምርቃና የተነገረ ነገር ሲነገር ይጣፍጣል እንጂ በማግስቱ ባለቤት የለውም። ከአሱር ሶላት በኋላ ጀምራችሁ ከመግሪብ በፊት ጨርሱ፤ ሙቀቱም ያኔ ይቀንሳል፣ ማንም ሶላቱ አይታጎልበትም። ጥቅምት 24 አካባቢ አታድርጉት፤ በዚያ ሰሞን የሰሜን ዕዝ መታሰቢያ ስላለ ሁሉም ወገን ቁስሉ ይነካል። አማርኛ የከበደው በቋንቋው ይናገር፣ ጓደኛው ያስተርጉምለት፤ በዚህ ከተማ ይህ ብርቅ አይደለም። ለተማሪዎች ዲን አስቀድመህ በጽሑፍ አሳውቅ፤ ተደብቆ የተደረገ ነገር ሁሉ ሴራ ይመስላል። ባለሥልጣን ንግግር እንዲያደርግ ግን አትጋብዝ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን ወንጀል እንዳደረገው ለሁሉም አስታውስ፤ ማስፈራሪያ አድርገህ ሳይሆን ወሰኑ የት እንደሆነ እንዲያውቁት።

አንተስ? የወላይታ ልጅ ስለሆንክ ገለልተኛ ነህ ብለው መርጠውሃል። ሩቅ መወለድ ብቻውን ገለልተኛ አያደርግም፤ «አንተን ምን ያገባሃል» የሚልህም አይጠፋም። ያገባሃል፤ በአንድ ክፍል ትተኛለህ። ብቻህን ግን አትምራው። አንዲት ሴት ተማሪ አብራህ ትምራ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው የሰዎቹን ፊት ያያል። አንድ ሰው ተቆጥቶ ከወጣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ተከትላችሁት ውጡ፤ ውይይቱን ሌላው ይመራል። ስድብ ከተነሳ አንድ ጊዜ አስቁም፤ ሁለተኛ ከተነሳ ያን ቀን በትኑት። መበተን ውድቀት አይደለም፤ በሳምንቱ ትሰበሰባላችሁ።

ከሁለቱ አንዱ ወይም ሁለቱም «አልገባም» ቢሉስ? አትጎትታቸው። ለየብቻ የደረስከው ለቅሶ ብቻውን ሥራ ሠርቷል። ውይይቱን ያለ እነሱ አድርጉት፣ በሩም ክፍት ይሁንላቸው።

ክበቡ በሚቀጥለው ስብሰባው የአዳራሹን ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት ለሊቀ መንበሩ ይህን ደብዳቤ አሳየው። ተለጥፎ ከሆነም ይነሳ፤ ምክንያቱን የሚጠይቅ ተማሪ ካለ «በትንሹ ልንጀምር ነው» በሉት። የዓዲግራቱንና የቆቦውን ልጅ አነጋግረህ ስትጨርስ ጻፍልኝ።